የጨጓራና የአንጀት ሊምፎማ፦ ስለ ምርመራውና ሕክምናው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መጀመሪያ «የጨጓራ ካንሰር ነው» ተባልኩ፣ በኋላ «ሊምፎማ ነው» አሉኝ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ልዩነቱ ሕክምናውን ከሥሩ ይቀይረዋል። በተለምዶ የጨጓራ ካንሰር የሚባለው ከጨጓራ የውስጥ ሽፋን ሴሎች የሚነሳው ነው፤ ዋናው ሕክምናውም ቀዶ ሕክምና ነው። ሊምፎማ የሚነሳው ግን ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች በአንገት፣ በብብትና በብሽሽት ባሉት የንፍፊት ዕጢዎች ብቻ ሳይሆን በጨጓራና በአንጀት ግድግዳም ይገኛሉ። ከንፍፊት ዕጢዎች ውጭ ሊምፎማ በብዛት የሚነሳው በምግብ መተላለፊያው ላይ ነው፣ ከዚያም ውስጥ ጨጓራው በብዙ አገሮች ቀዳሚ ነው።

ሊምፎማ በመድኃኒትና በጨረር በደንብ የሚቀልጥ በሽታ ነው። ስለዚህ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ) ሁለቱ ተመሳስለው ስለታዩ ብቻ፣ የናሙና ውጤት ሳይመጣ፣ ጨጓራን ለማውጣት ቀጠሮ መያዝ ከባድ ስሕተት ነው።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

ከተራ የጨጓራ ሕመም ብዙም አይለዩም፦ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ትንሽ በልቶ መጥገብ፣ ማቅለሽለሽ፣ ትውከት። በሽታው አንጀት ላይ ሲሆን የሚመላለስ ቁርጠት፣ የሆድ መነፋት ወይም የማያቆም ተቅማጥ ሊኖር ይችላል። እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ማነስ፣ በ6 ወር ውስጥ ከሰውነት ክብደት ከ10 በመቶ በላይ መቀነስ፣ አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብና ከ38 ዲግሪ በላይ የሚመላለስ ትኩሳት ካለ ኢንዶስኮፒ ሊዘገይ አይገባም።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያዘናጋል። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ አሲድ ቀናሽ መድኃኒቶች ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ አንዳንዴም በሊምፎማ ምክንያት የቆሰለው ቦታ ላዩን የዳነ እስኪመስል ያደርሳሉ። መድኃኒቱ ሲቆም የሚመለስ ሕመም ተጨማሪ ካርቶን ኦሜፕራዞል ሳይሆን ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ናሙና አስቀድሞ ተወስዶልኝ «ቁስለት ብቻ ነው» ተብያለሁ። ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል?

ይችላል፤ በተለይ የተወሰደው ሁለት ወይም ሦስት ቅንጣት ብቻ ከሆነ። ሊምፎማ ብዙ ጊዜ የሚያድገው ከሽፋኑ ሥር ነው። በኢንዶስኮፒ የምትወሰደው ናሙና የጤፍ ፍሬን ጥቂት ያህል ብትበልጥ ነው፤ መቆንጠጫው ላዩን ብቻ ነክቶ ከተመለሰ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም) የሚያየው የተቆጣ ሥጋ ብቻ ይሆናል። በዚያ ላይ በሽታው በጨጓራው ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ሊገኝ ይችላል፣ አንዳንዱም ቦታ ለዓይን ጤናማ ይመስላል።

በመሆኑም ሊምፎማ ሲጠረጠር ከሚታየው ቁስለት ወይም እብጠት ቢያንስ 10 ናሙና ይወሰዳል። ደህና ከሚመስለው የጨጓራ ክፍል ሁሉ፣ ከዱዮዲነም (ከትንሹ አንጀት መጀመሪያ) እና ጉሮሮ ከጨጓራ ከሚገናኝበት ቦታም እንዲሁ ለየብቻ ይወሰዳል። ከቁስለቱ ሲወሰድ ጠርዙን መያዝ ይሻላል፤ መሐሉ የሞተ ሥጋ ብቻ ሊሆን ስለሚችል። ጥርጣሬው ጸንቶ ውጤቱ ግልጽ ካልሆነ ምርመራው ይደገማል፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ በመቆንጠጥ ወደ ጥልቁ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው አያያዝም የራሱ ጣጣ አለው። ናሙናው ወዲያውኑ 10 በመቶ በሆነ፣ አሲድነቱ በተስተካከለ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ የፎርማሊኑ መጠን ከናሙናው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በዚያ ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ ይቆያል። በጨው ውኃ የተቀመጠ፣ በጋዝ ተጠቅልሎ የደረቀ ወይም ለሳምንታት በፎርማሊን የተዘፈዘፈ ናሙና በማይክሮስኮፕ ቢነበብም እንኳ ለቀጣዮቹ የቀለም ምርመራዎች ላይሆን ይችላል። ብልቃጡ ላይ ስም፣ ቀንና ናሙናው የተወሰደበት ቦታ መጻፉን በዓይንዎ ቢያረጋግጡ ማንም አይቀየምዎትም።

ውጤቱ ላይ ምን ተጽፎ መገኘት አለበት?

«ሊምፎማ» የሚለው ቃል ብቻውን ለሕክምና አይበቃም። ዓይነቱ መጻፍ አለበት፤ እሱን የሚለየውም ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባለው የቀለም ምርመራ ነው። ሲዲ20 አዎንታዊ ከሆነ ሴሎቹ የቢ ሴል ወገን ናቸው፣ ሲዲ3 ከሆነ የቲ ሴል። ሳይክሊን ዲ1 ማንትል ሴል ሊምፎማ ወደሚባለው ሌላ የቢ ሴል ዓይነት ያመለክታል። ኪ-67 ደግሞ ከመቶ ሴል ስንቱ በመባዛት ላይ እንዳለ ይናገራል፦ በዝግተኛው ማልት ሊምፎማ ዝቅ ያለ ነው፣ በጣም ፈጣን በሆነው ቡርኪት ሊምፎማ ወደ 100 ይጠጋል። በጨጓራ ላይ በብዛት የሚታዩት ሁለት ናቸው፦ ዝግተኛው ማልት ሊምፎማና ፈጣኑ ትልልቅ ቢ ሴል ሊምፎማ። የመጀመሪያው በአንቲባዮቲክ ብቻ ሊጠፋ ይችላል፤ ሁለተኛው በአብዛኛው ኬሞቴራፒ ይፈልጋል።

ውጤቱ አጠራጣሪ ከሆነ ሁለተኛ ፓቶሎጂስት ይይ። ለዚህ እንደገና ኢንዶስኮፒ አያስፈልግም፤ በሰም የተቀበረው ናሙና ላቦራቶሪው ውስጥ ስለሚቀመጥ እሱን ጠይቆ መላክ ይቻላል።

ሐኪሙ ለሕመሙ ስቴሮይድ ሊሰጠኝ ነው። ልጀምር?

ናሙናው ካልተወሰደ፣ ስቴሮይዱን ወዲያው መውሰድ የግድ የሚያደርግ አጣዳፊ ምክንያት ከሌለ በስተቀር፣ አይጀምሩ፤ «ናሙናው ይቅደም» ብለው ይጠይቁ። ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሊምፎማ ሴሎችን በቀናት ውስጥ ይገድላሉ። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ምግብ መበላት ይጀምራል፣ ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ግን የሞቱ ሴሎችን ብቻ ሊያሳይና ዓይነቱን መለየት የማይቻል ሊያደርገው ይችላል። በሽታው ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሲያድግ ያ ሁሉ ጊዜ ባክኗል። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግመን ደጋግመን የምንጽፈው ጉዳቱ በቀላሉ ሊቀር የሚችል ስለሆነ ነው።

ባክቴሪያና ካንሰር ምን አገናኛቸው?

ጤናማ ጨጓራ ውስጥ የሊምፎሳይት ክምችት የለም ማለት ይቻላል። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ጨጓራ ውስጥ ሲሰፍር ሰውነት ሊምፎሳይቶችን ወደዚያ ይልካል፤ ባክቴሪያው ለዓመታት ሲቆይ እነሱም ለዓመታት ሲቀሰቀሱና ሲባዙ ይኖራሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ወገን ከቁጥጥር ሲወጣ ማልት ሊምፎማ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ግን ዕድገቱ ገና በባክቴሪያው ቅስቀሳ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ቀስቃሹ ሲወገድ ብዙ ጊዜ ይከስማል።

ባክቴሪያውን አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን በ1982 እ.ኤ.አ. ለይተው አወጡት፣ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። በ1993 ደግሞ የተመራማሪው ዎዘርስፑን ቡድን ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ከጠፋላቸው 6 የማልት ሊምፎማ ሕሙማን የ5ቱ ሊምፎማ መክሰሙን አሳየ። ከዚያ በፊት መንገዱ ጨጓራን ማውጣት ነበር።

የባክቴሪያው መድኃኒት እንዴት ይወሰዳል?

የተለመደው ለ14 ቀን ነው። አንደኛው አማራጭ አሲድ ቀናሽ መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም በቀን ሁለት ጊዜና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ነው። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን በተላመደበት አካባቢ ወይም ፔኒሲሊን ለማይስማማው ሰው ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ ቀናሽ አንድ ላይ ይሰጣሉ። ሕክምናው ሲከሽፍ ምክንያቱ ባብዛኛው ከሁለቱ አንዱ ነው፦ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷል፣ ወይም ሰውዬው በአምስተኛው ቀን ሲሻለው አቁሟል። ሜትሮኒዳዞል አፍን ብረት ብረት ያሰኛል፣ ቢስመዝ ሰገራን ያጠቁራል፤ ሁለቱም ለማቆም ምክንያት አይደሉም።

መጥፋቱ የሚረጋገጠው በትንፋሽ ወይም በሰገራ አንቲጅን ምርመራ ነው፤ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ለሊምፎማ ሕሙማን ቢቻል 6 ሳምንት ቆይቶ። አሲድ ቀናሹ ከምርመራው 2 ሳምንት በፊት መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ይመጣል። የደም ምርመራ ለዚህ አይሆንም፤ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ፀረ እንግዳ አካሉ ለረጅም ጊዜ ደም ውስጥ ይቆያል።

ባክቴሪያው ጠፍቷል፣ ሊምፎማው ግን ከ3 ወር በኋላም አለ። ሕክምናው ከሽፏል ማለት ነው?

ገና አይደለም። በጨጓራው ብቻ ከተወሰነውና ባክቴሪያው ከተገኘበት ማልት ሊምፎማ ከአራት ሕሙማን በሦስቱ ገደማ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፤ ይህ ግን አንዳንዴ 12 ወር፣ አልፎ አልፎም እስከ 24 ወር ይወስዳል። ቁስለቱ ከዳነ፣ ሕመም ከሌለና ናሙናው ላይ ያለው ቅሪት እየቀነሰ ወይም ባለበት ከቆመ በየጊዜው በኢንዶስኮፒ እያዩ መጠበቅ ትክክለኛ ሕክምና ነው። እየገፋ ከሆነ ግን አይጠበቅም።

በ11ኛውና በ18ኛው ክሮሞዞም መካከል መቀያየር የተገኘባቸው ሊምፎማዎች ለአንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ አይመልሱም፤ ምርመራው ካለ አስቀድሞ ማወቁ የመጠበቂያውን ጊዜ ያሳጥራል። አንቲባዮቲክ ያልበቃው፣ በጨጓራ የተወሰነ ማልት ሊምፎማ ጨረር ይሰጠዋል። መጠኑ ከ24 እስከ 30 ግሬይ (የጨረር መለኪያ) ሲሆን ከ3 እስከ 4 ሳምንት በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ይከፋፈላል። ባዶ ሆድ መሆን እዚህ ላይ ትርጉም አለው፦ ጨጓራው ሲሞላ ቅርጹንና ቦታውን ስለሚቀይር ጨረሩ ዒላማውን ይስታል። ጨረር የማይሆንለት ወይም በሽታው የተሠራጨበት ሰው ሪቱክሲማብ (ቢ ሴሎችን ለይቶ የሚያጠቃ መድኃኒት) ብቻውን ወይም ከኬሞቴራፒ ጋር ይሰጠዋል።

ደረጃው የሚታወቀው በምን በምን ነው?

በአንገት፣ በደረት፣ በሆድና በዳሌ ሲቲ ስካን፣ በኢንዶስኮፒ አልትራሳውንድና እንደ ዓይነቱ በመቅኔ ናሙና። የኢንዶስኮፒ አልትራሳውንዱ በሽታው ግድግዳውን ምን ያህል እንደበሳና አጠገቡ ያሉት የንፍፊት ዕጢዎች መነካታቸውን ያሳያል። ፔት ሲቲ ለፈጣኖቹ ዓይነቶች በጣም ጠቃሚ ነው፤ በማልት ሊምፎማ ግን በሽታው እያለ ላይታይ ይችላል።

በሉጋኖ አከፋፈል አንደኛ ደረጃ በምግብ መተላለፊያው ብቻ የተወሰነው ነው። ሁለተኛው ሆድ ውስጥ ወዳሉ የንፍፊት ዕጢዎች ወይም ግድግዳውን አልፎ ወደ ጎረቤት አካል የደረሰው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው አራተኛ ነው፤ በዚህ አከፋፈል ሦስተኛ ደረጃ የለም። ወረቀትዎ ላይ ከሁለት ወደ አራት መዝለሉ የጽሕፈት ስሕተት አይደለም።

የደም ምርመራው ኤልዲኤች (ሴሎች ሲጎዱ ደም ውስጥ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ ኩላሊት፣ ጉበት፣ ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ሲና ሄፓታይተስ ቢን ይጨምራል። የመጨረሻው መዘለል የለበትም። ሪቱክሲማብ ለዓመታት ተኝቶ የኖረን ሄፓታይተስ ቢ ሊያስነሳና ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የቫይረሱ የላይ አንቲጅንም ሆነ ፀረ-ኮር ፀረ እንግዳ አካሉ ይታያሉ። ቫይረሱ ካለ ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር አስቀድሞ ተጀምሮ ከመጨረሻው ሪቱክሲማብ በኋላ ቢያንስ 12 ወር ይቀጥላል።

አር-ቾፕ ምንድን ነው?

የአምስት መድኃኒቶች ጥምረት ሲሆን ለትልልቅ ቢ ሴል ሊምፎማ መሠረታዊው ሕክምና ነው፤ በየ21 ቀኑ ይደገማል፣ ብዙውን ጊዜ 6 ዙር ነው። መጠኑ በሰውነት ገጽ ስፋት ይሰላል። ስፋቱ 1.6 ካሬ ሜትር የሆነ ሰው በአንድ ዙር ሪቱክሲማብ 600፣ ሳይክሎፎስፋማይድ 1200፣ ዶክሶሩቢሲን 80 ሚሊ ግራም ያገኛል። ቪንክሪስቲን በስሌት 2.24 ቢሆንም ከ2 ሚሊ ግራም አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ነርቭን ይጎዳል። በዚህ ላይ ፕሬድኒሶሎን 100 ሚሊ ግራም ለ5 ቀን በአፍ ይወሰዳል። በጨጓራ ወይም በአንጀት የተወሰነ በሽታ ባለበት ሰው ዙሩ ሊያንስና ጨረር ሊከተል ይችላል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕሙማን በዚህ ሕክምና ለዘለቄታው ይድናሉ።

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ ሽንትን ለአንድ ወይም ሁለት ቀን ያቀላዋል፣ ደም አይደለም። ሲሰጥ ክንድዎን ካቃጠለዎት ወይም መርፌው ዙሪያ ካበጠ በዚያችው ቅጽበት ይናገሩ፤ ከደም ሥር ከወጣ ሥጋ ይበላል። ልብንም ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይሠራል። ቪንክሪስቲን የአንጀትን እንቅስቃሴ ያቀዘቅዛል፤ አንጀቱ በበሽታው የጠበበ ሰው ላይ ይህ መዘጋትን ሊያስከትል ይችላል። የሆድ ድርቀት መድኃኒት ከመጀመሪያው ዙር ጋር ይጀመር፣ ከ3 ቀን በላይ ሰገራ ካልወጡ ይደውሉ።

ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ ሳልጠብቅ ሐኪም ቤት መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ትኩሳትዎ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን። ነጭ የደም ሴል በጣም የሚወርደው ከእያንዳንዱ የኬሞቴራፒ ዙር ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። አንቲባዮቲክ በደም ሥር በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ፓራሲታሞል ወስደው ትኩሳቱን አይደብቁ፤ ቤትዎ ቴርሞሜትር ይኑር።

ሁለተኛው ድንገት የሚጀምርና የማይለቅ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ነው። ሊምፎማው የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት ይዞ ከነበረና በመድኃኒት በፍጥነት ከቀለጠ ቦታው ይበሳል፤ ይህ ከጨጓራ ይልቅ በትንሹ አንጀት ይበዛል፣ በብዛት የሚደርሰውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ፕሬድኒሶሎን እየወሰዱ ከሆነ ሆድዎ እንደ እንጨት ላይደርቅ፣ ሕመሙም ቀለል ሊል ይችላል፤ ቀለል ማለቱ አያረጋጋዎት። ደም ማስታወክና የጠቆረ ሰገራም እንዲሁ ናቸው።

ታዲያ ቀዶ ሕክምና መቼ ያስፈልጋል?

ሲበሳ፣ በኢንዶስኮፒ የማይቆም መድማት ሲኖር፣ አንጀት ሲዘጋ። በትንሹ አንጀት ደግሞ ናሙና ለማግኘት ሌላ መንገድ ሳይኖር ሲቀር። አንጀት ይጠብ ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር በሚዋጥ የካሜራ ካፕሱል ለመመርመር መቸኮል አይገባም፤ ካፕሱሏ ተሰንቅራ ራሷ ቀዶ ሕክምና ልታስከትል ትችላለች።

አንጀት ላይ የሚነሱትስ?

ዓይነታቸው ይበዛል፣ ሕክምናቸውም ይራራቃል። በልጆች ትንሹ አንጀት ከትልቁ በሚገናኝበት አካባቢ የሚነሳው ቡርኪት ሊምፎማ በጣም ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ አንጀት ወደ ራሱ ውስጥ ገብቶ ሲዘጋ ነው የሚታወቀው። አር-ቾፕ አይበቃውም። ጠንካራ ኬሞቴራፒ ሲጀመር ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ፈርሰው ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ ያጥለቀልቃሉ፣ ኩላሊትና ልብ አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ብዙ ፈሳሽ በደም ሥር፣ አሎፑሪኖል ወይም ራስቡሪኬዝ ይሰጣል፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው የቀይ የደም ሴል ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ግን ራስቡሪኬዝ አይሰጠውም።

በዱዮዲነም ላይ በነጫጭ ጥቃቅን እብጠቶች የሚታየው ፎሊኩላር ሊምፎማ ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት መከታተል ይበቃዋል። ማንትል ሴል በትልቁ አንጀት ላይ በርካታ ፖሊፕ መስሎ ይመጣል። ለግሉተን በሚቆጣ አንጀት፣ ማለትም በሴሊያክ በሽታ ላይ የሚነሳው የቲ ሴል ሊምፎማ ከባዱ ነው፤ ከስንዴ፣ ከገብስና ከአጃ በጥብቅ ርቀው ሳለ ተቅማጡና ክሳቱ የተመለሰባቸው የሴሊያክ ሕሙማን ሊመረመሩ ይገባል። በሜዲትራንያን ዙሪያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ በወጣቶች ላይ የሚታይ ሌላ የትንሹ አንጀት ዓይነትም አለ፤ ገና ሲጀምር ከተያዘ ለወራት በሚወሰድ ቴትራሳይክሊን ሊጠፋ ይችላል።

ልጅ መውለድ እፈልጋለሁ። ምን ላድርግ?

ከመጀመሪያው ዙር በፊት ይናገሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ መውለድን ሊጎዳ ይችላል፤ የወንድ የዘር ፈሳሽ ወይም እንቁላል ማስቀመጥ የሚቻለው አስቀድሞ ነው። በሕክምናው ወቅትና ከመጨረሻው ሪቱክሲማብ በኋላ 12 ወር ሴቶች እርግዝናን መከላከል አለባቸው።

ከዳንኩ በኋላ ክትትሉ እስከ መቼ ነው?

ትልልቅ ቢ ሴል ሊምፎማ ከተመለሰ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ነው፤ ክትትሉም በዚያን ጊዜ ይጠብቃል። ማልት ሊምፎማ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊያገረሽ ይችላል። ከሕክምናው በ3 ወር፣ ከዚያ ለ2 ዓመት በየ6 ወሩ፣ ቀጥሎ ከ12 እስከ 18 ወር እየቆዩ ኢንዶስኮፒና ናሙና ይሠራል። ይህ ለሊምፎማው ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው ለዓመታት የጎዳው ጨጓራ ለተራው የጨጓራ ካንሰርም ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ሊምፎማው ካገረሸ ባክቴሪያው ተመልሶ እንደሆነ በመጀመሪያ ይመርመር፤ ተመልሶ ከሆነ የ14 ቀኑ መድኃኒት እንደገና ሊሠራ ይችላል።